ትንሿ ተራራ፣ በበረዶና ያለ በረዶ

ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ሲባል ሁሌ ትልልቅ ተራራ ነበር ሚታየኝ፣ ለዛ ነው ይቺን ትንሿን ስንት አመት በመኪና እያየኋት ያለፍኩት። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ገባሁ።

እቃ ሚያከራዩት ቁመት፣ ክብደት፣ እድሜና ችሎታ ይጠይቃሉ፣ ቡቱን (ጫማውን) ከስኪው (ከመንሸራተቻው) ጋር ሚይዘው ማሰሪያ ስትወድቅ እንዲለቅህ በዛ ልክ ነው ሚስተካከለው። እባካቹ ችሎታችሁን ጨምራችሁ አትናገሩ፣ ማሰሪያው በጣም ጠብቆ ሳይለቃችሁ ከቀረ ጉልበት ነው ሚጎዳው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰአታት መቆም ብቻ ነው የተማርኩት፣ የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርበህ ከኋላ ትከፍታቸዋለህ፣ ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ ፍርሀቱ ነው፤ ቁልቁለቱን ስታይ ሰውነትህ በራሱ ወደኋላ ይላል፣ ወደኋላ ስትል ደግሞ ስኪው አይታዘዝህም፣ ቅልጥምህ ሁሌ የቡቱን ምላስ መንካት አለበት። ይሄ ሲገባኝ አረንጓዴውን፣ ማለትም ቀላሉን መንገድ፣ ስንቴ እንደወረድኩት እኔንጃ። የትንሽ ተራራ ደስ ሚለው ነገር ይሄ ነው እኮ፣ መውረጃው አጭር ስለሆነ ወዲያው ወደ ላይ ሚያወጣህ ሊፍት ጋ ትመለስና ያቺኑ ያስቸገረችህን መታጠፊያ ደግመህ ትሞክራታለህ። ከኋላ ስትመጣ ግን ከታችህ ላለው ሰው ቅድሚያ ስጥ፣ እሱ አያይህም።

በረዶው ቀልጦ ሲሞቅ በእግሬ ተመለስኩ፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ። ልስልስ ያለ ይመስለኝ የነበረው ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ሳር ነው፣ መሀል ላይ ቀጭን ምንጭ ይወርዳል፣ በዛ ላይ ነበር ስንሸራተት የከረምኩት! በረዶ ሚረጩት ማሽኖች ሳሩ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ከፍታ ሲጨምር በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ነው ሚቀንሰው፣ እንደዚ ዝቅ ያለች ተራራ ደግሞ ከታቹ ሜዳ ብዙም ስለማትቀዘቅዝ ያለማሽኖቹ ወቅቱ ያጥርባታል፣ ለዛ ነው ሌሊት ብርዱ ጠንከር ሲልና አየሩ ሲደርቅ ውሃውን አድቅቀው ሚረጩት። ላይ ያለችው ኩሬም ለካ የዚሁ ውሃ ማጠራቀሚያ ናት፣ በበረዶው ጊዜ መኖሯንም አላየሁ።

ስወርድ ሁሌ ምወድቅበት መታጠፊያ ጋ ቆም አልኩ። መንገዱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ መሬቱ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ በበረዶ ጊዜ ይሄ ጭራሽ አይታይም። በግራ እግሬ ነበር መጫን የነበረብኝ።