የዜሮ ብር ክፍያ

ትኬቶቹ ላይ ሁሉም ነገር አለ። የተሳፋሪው ስም፣ የወንበር ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ፣ የጉዞው ዋጋ። የአገልግሎት ክፍያ በሚለው መስመር ላይ ግን ዜሮ ተጽፏል።

ያኔ የምሠራበት ድርጅት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክና በወኪሎች በኩል ይሸጥ ነበር። የጉዞው ዋጋ ለአውቶቡሶቹ ባለቤቶች ይሄዳል። ለእኛ የምትቀረው ያቺ የአገልግሎት ክፍያ ናት፤ ደመወዛችንም ከእሷ ነው። ስለዚህ ዜሮው ቀልድ አልነበረም።

ያገኙት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የበዓል ሰሞኑን ሽያጭ ከባንክ ጋር ሲያመሳክሩ ሒሳቡ ትንሽ ጎደለባቸው። ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የጎደለው ብር ኢምንት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እሳቸው ትኬት በትኬት ወርደው ለቀሙት። ከዚያ ዝርዝሩን አትመው እኛ ክፍል ድረስ መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እነዚህን ማን ነው በነፃ የሸጣቸው?»

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሰው እንጂ ኮድ አልነበረም። ከዝርዝሩ ብዙዎቹ የአንድ ወኪል ትኬቶች ነበሩ። መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ሳይነጋ የሚከፍት ሰው ነው። ከደንበኛው ክፍያውን ተቀብሎ ለእኛ ዜሮ ያስመዘግባል ተባለ። እንዴት አድርጎ? ይህን የጠየቀ የለም። ውሉን የሚያቋርጥ ደብዳቤ እስከ መርቀቅ ተደርሶ ነበር።

ጥያቄውን ያነሳችው ሲስተሙን የምትፈትሸው ባልደረባችን ናት። ወኪሉ የሚያየው ገጽ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የሚሞላበት ቦታ የለም። ክፍያውን የሚያሰላው ሰርቨሩ ነው። ታዲያ ሰውዬው በምን እጁ ዜሮ ይጽፋል? ዝርዝሩን በወኪል መደርደሩን ትታ በሰዓት ደረደረችው፤ ቀጥላም በሰርቨር ከፋፈለችው። ዜሮዎቹ እዚህም እዚያም የተበተኑ አልነበሩም። እፍኝ እፍኝ እየሆኑ ተሰብስበዋል። እያንዳንዱ እፍኝ ደግሞ አዲስ ሰርቨር በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። የወኪሉ ጥፋት በማለዳ መክፈቱ ብቻ ነበር።

የእኛ ሲስተም ሰው ሲበዛበት ራሱ ተጨማሪ ሰርቨር ያስነሳል። በዓል ሲደርስ ሰዉ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ትኬት ፍለጋ ይረባረባል። አዲሱ ሰርቨር ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ሰው ይጎርፍበታል። በአዘቦት ግን ሰርቨሮቹ የሚነሱት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ያኔ የሚገዛ የለም። ለዚህ ነው ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ በዓል ሲመጣ ብቅ የሚለው።

ኮዱ ጃቫ ነው። የክፍያው ታሪፍ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሰርቨሩ አንዴ አንብቦ ሜሞሪ ላይ ይይዘዋል። የሚያነብበው የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ የሚያስተናግደው የየራሱ ትሬድ ነው፤ ትሬድ ማለት ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር ነው። ብዙ ትሬዶች እኩል ደርሰው ሁሉም ታሪፉን ልጫን እንዳይሉ አንድ ምልክት ተደርጓል። ምልክቱ መጀመሪያ «አልተጫነም» ይላል። ቀድሞ የደረሰው ትሬድ «ተጭኗል» ወደሚለው ይገለብጠውና መጫኑን ይጀምራል። ሌሎቹ ምልክቱ መገልበጡን አይተው ወደ ሥራቸው ያልፋሉ።

ይህን የጻፈው ልጅ ከለቀቀ ቆይቷል። እንደ ወጉ ጥፋቱን በሌለ ሰው ላይ ለመለጠፍ ተሰናድተን ነበር። ኮዱ ሲነበብ ግን የግድየለሽ ሥራ አይደለም። ለምልክቱ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዘውን ተራ ቡሊያን አልተጠቀመም፤ አይቶ መገልበጡን በማይከፈል አንድ እርምጃ የሚሠራውን አቶሚክ ቡሊያን ነው ያደረገው። ሁለት ትሬዶች እኩል ቢደርሱ እንኳ የሚገለብጠው አንዱ ብቻ ነው። ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ሎጉንም አየነው፤ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ታሪፉ የተጫነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጁ «አንድ ጊዜ ብቻ» ተባለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አደረገ።

የጎደለው ግማሹ ነው። ምልክቱ የሚገለበጠው መጫኑ ከመጀመሩ በፊት ነው። ዳታቤዙ መልስ እስኪሰጥ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ፣ በዚያ መሐል የሚመጡት ትሬዶች ሁሉ «ተጭኗል» የሚል ምልክት ያያሉ፤ ታሪፉ ግን ገና የለም። ጃቫ ደግሞ ያልተሞላ የቁጥር ፊልድን፣ ማለትም ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ በዜሮ ነው የሚጀምረው። ዜሮ ብር ክፍያ፣ ትኬቱ ተቆረጠ፣ መልካም ጉዞ። ያ ፊልድ ቁጥር ባይሆንና ባዶ ኦብጀክት ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ኑል ፖይንተር በሚባለው ስህተት ይጮህ ነበር፤ እኛም በመጀመሪያው በዓል እናገኘው ነበር። ዜሮ ግን አይጮህም።

ይህን ስህተት የሚሠራው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም። ጎ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠሪዎች ለዚሁ ሥራ ዋንስ የሚባል ነገር አላቸው። በምንጭ ኮዱ ውስጥ ሆን ብለው አንድ የተሳሳተ አሠራር ጽፈው «እንዲህ አታድርጉ» ይላሉ። ያ የተሳሳተው ቁርጥ የእኛው ነው፦ ምልክቱን በአቶሚክ ገልብጥ፣ ያሸነፈው ሥራውን ይሥራ፣ ሌላው ሳይጠብቅ ይለፍ። ያንን ማስጠንቀቂያ ሳነብ የልጁን ስም አነሳሁና ሳቅሁ።

ፈታሿ ግምት አይበቃትም። የመጫኛው ኮድ ውስጥ ሆን ብላ የሁለት ሰከንድ እንቅልፍ ጨመረች። ከዚያ ካውንት ዳውን ላች በሚባለው የጃቫ መሣሪያ ሃምሳ ትሬዶችን አንድ መስመር ላይ አቁማ በአንዴ ለቀቀቻቸው። አንዱ ትክክለኛውን ክፍያ አመጣ። አርባ ዘጠኙ ዜሮ። በፊት ፈተናው ለምን አልያዘውም? በየላፕቶፓችን ላይ ያለው ዳታቤዝ እዚያው ስለሆነ ታሪፉ ዓይን ሳይርገበገብ ይጫናል፤ የሚፈትነውም አንድ ሰው ነው።

ክርክሩ የመጣው ማስተካከያው ላይ ነው።

አንዱ ጀማሪ «ሲንክሮናይዝድ እናድርገው» አለ። ትሬዶቹ አንድ ሎክ፣ ማለትም መቆለፊያ፣ ተራ በተራ ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ሲጭን ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ትክክል ነው። «ታሪፉ አንዴ ከተጫነ በኋላም እያንዳንዱ ትኬት ለዘላለም ሊሰለፍ ነው?» ተብሎ ወደቀ። ስንት እንደሚያዘገይ ግን ማንም አልለካም። እኔ ዛሬም ያ ሐሳብ በከንቱ የተናቀ ይመስለኛል፤ ማንም ያልተፎካከረበትን ሎክ መያዝ ከዳታቤዝ ጥሪ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ሌላው «ሁለቴ እንፈትሽ» አለ። መጀመሪያ ያለ ሎክ እይ፤ ከሌለ ሎክ ያዝ፤ ከያዝክ በኋላ ድጋሚ እይ፤ አሁንም ከሌለ ጫን። ቦርዱ ላይ ጻፈው። አንጋፋው ፕሮግራመራችን እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። «ቮላታይል የታለ?» አለ፤ አንድ ትሬድ የጻፈው ለሌሎቹ በቅደም ተከተሉ እንዲታይ የሚያስገድደውን የጃቫ ቃል ማለቱ ነው።

«ሎክ አለን፤ ምን ያደርጋል?»

«ኮንዶሚኒየም ደርሶህ ያውቃል?»

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ከልቡ ነው። «ዕጣ ወጣልህ፤ የቤት ቁጥር ተሰጠህ። ሄደህ በሩን ስትከፍት መስኮት የለው፣ ውኃ የለው፣ መብራት የለው። ቁጥሩ ግን እውነተኛ ነው።»

ነገሩ ይህ ነው። ታሪፉን የሚይዝ አዲስ ኦብጀክት ሲፈጠር ሜሞሪ ላይ ቦታ ይያዛል፣ ውስጡ ይሞላል፣ አድራሻው ተለዋዋጩ ላይ ይጻፋል። እኛ በዚህ ቅደም ተከተል እናስበዋለን። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርና ፕሮሰሰሩ ግን ያንን የሚሠራው ትሬድ ራሱ ልዩነቱን እስካላየ ድረስ መሙላቱንና አድራሻ መጻፉን ማቀያየር ይችላሉ። ሎክ የያዘው ትሬድ ምንም አይታወቀውም። ከውጭ ያለ ሎክ የሚፈትሸው ግን አድራሻውን አይቶ «አለ» ብሎ ይገባል፤ ውስጡ ገና ባዶ ሊሆን ይችላል። ማለትም ያመለጥነው ዜሮ በሌላ በር ተመልሶ ሊመጣ ነው፤ ያውም ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ውስጥ፣ በሰዓት ደርድሮ በማይገኝበት መንገድ።

ይህ ሁለቴ የመፈተሽ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1996 በዳግላስ ሽሚትና በቲም ሃሪሰን ጽሑፍ የታወቀ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ተወልዶ ወደ ጃቫ ሲገባ የጃቫ ጠበብት ተሰባስበው «ይህ አይሠራም» የሚል መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሱ። በድሮው ጃቫ ቮላታይል ማድረጉም አያድንም ነበር። የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫ 5 አዲስ የሜሞሪ ሕግ ይዞ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ቮላታይል ካለ ይሠራል፤ ከሌለ አይሠራም። «እኔ ማሽን ላይ ችግር የለውም» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጽሕፈትን ከጽሕፈት ጋር ስለማያቀያይሩ ብዙውን ነገር ይሸፍናሉ፤ የአርም ፕሮሰሰሮች ግን ያቀያይራሉ። ኮምፓይለሩ ደግሞ የትም ሆኖ ሊያቀያይር ይችላል።

ሦስተኛው ሐሳብ የአንጋፋው ነበር፤ ታሪፉን ለብቻው ክላስ በሚባል አንድ ትንሽ የኮድ ክፍል ውስጥ ስታቲክ፣ ማለትም የክላሱ የራሱና አንድ ብቻ፣ አድርጎ ማስቀመጥ። ጃቫ ክላስን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያስነሳ፣ እስኪያልቅም ሌሎቹን እንደሚያስጠብቅ ቋንቋው ራሱ ዋስትና ይሰጣል። ሎክ መጻፍ የለ፣ ቮላታይል መርሳት የለ። ሲ ፕላስ ፕላስም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በፈንክሽን ውስጥ ላለ ስታቲክ ተለዋዋጭ ተመሳሳይ ዋስትና አለው።

የሚያምር ነገር ነው። ወዲያው እንቀበለው ስንል ፈታሿ «ዳታቤዙ በዚያች ደቂቃ ባይመልስስ?» አለች።

ይህን ማንም አላሰበበትም። ጃቫ ላይ የክላሱ ማስነሻ አንዴ ከወደቀ ያ ክላስ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ የሞተ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እውነተኛውን ምክንያት ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት በሙሉ «ክላሱ አልተገኘም» የሚመስል መልእክት ነው የሚደርሳቸው። ያንን ሎግ የሚያነብ ሰው የጎደለ ፋይል ሲፈልግ ይውላል። የጎው ዋንስም በዚህ ከጃቫ አይሻልም፤ ሥራው መሐል ላይ ፓኒክ ቢያደርግ፣ ማለትም በስህተት ቢቋረጥ እንኳ «ተሠርቷል» ብሎ ይመዘግበዋል። በተቃራኒው በሲ ፕላስ ፕላስ ለዚሁ ሥራ ያለው ኮል ዋንስ ስህተት ከወጣ ምልክቱን አይገለብጥም፤ ቀጣዩ ትሬድ ድጋሚ ይሞክራል። ቋንቋ ከመቀየር በፊት የየትኛው ቋንቋ ጠባይ የትኛው እንደሆነ ማንበብ ይጠቅማል።

በመጨረሻ ታሪፉ ሰርቨሩ ሲነሳ፣ አንድም ደንበኛ ሳይቀበል እንዲጫን ተደረገ። ካልተጫነ ሰርቨሩ «ዝግጁ ነኝ» አይልም፤ ሰውም አይላክለትም። በእኔ እምነት ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪመጣ መጠበቅ የሚያዋጣው ላያስፈልግ ለሚችል ከባድ ነገር ነው። ታሪፍ ግን ለእያንዳንዱ ትኬት ያስፈልጋል፤ የምን መጠበቅ ነው?

የወኪሉ ደብዳቤ ተቀደደ። ሰውዬው ስለ ደብዳቤው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ውሳኔውን የተቃወመው የሽያጭ ኃላፊው ብቻ ነበር። ስብሰባው ላይ እጁን አወጣ። «በበዓል ሰሞን ሰርቨር ከሚዘጋ ጥቂት ትኬት ያለ ክፍያ ቢሸጥ አይሻልም?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ይሻላል ልጄ» አሉት። «ልዩነቱን ከአንተ ኮሚሽን ላይ እንቆርጠዋለን።»

ሌላ ተቃውሞ አልተነሳም።