ፈቃዱ የማን ነው፣ ጉድጓድ የገባውስ ማን ነው?

ካዛንቺስና አራት ኪሎ አካባቢ የሳኒተሪ ስራ ስለምሰራ ስልኬ አያርፍም፣ ግማሹ የሚደውለው ግን ቧንቧ ሊያሰራ ሳይሆን "ወንድሜ የውሃ ስራ ፈቃድ የሚያከራይ ሰው ታውቃለህ?" ለማለት ነው። ኧረ በፈጠራችሁ! ፈቃድ እኮ ሚክሰር አይደለም በቀን የሚከራይ።

ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ አገር ተቋራጭ ለመሆን የብቃት ማረጋገጫ ታወጣለህ፣ ንግድ ፈቃዱ የሚመጣው ከዛ ነው፣ ቲን ምናምኑ ያው የታወቀ ነው። ህንጻ፣ መንገድ፣ ውሃ ስራ፣ ጠቅላላ እየተባለ በዘርፍ ይከፈላል፣ ደረጃም አለው፣ 1 ትልቁ ነው ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር አቅሙ ያንሳል። ደረጃውን ሲሰጡህ ምን አይነት ባለሙያ ቀጥረሃል፣ ምን ማሽን አለህ ብለው ነው። እና ምን ይደረጋል መሰላችሁ፣ ኢንጂነሩ ዲግሪውንና የስራ ልምዱን ፋይል ውስጥ አስገብቶ በወር የሆነች ብር ይቀበላል፣ ሳይቱን ግን በአይኑ አይቶት አያውቅም፣ የማሽኑም ሊብሬ ፋይል ውስጥ ነው ማሽኑ ግን ሌላ ሰው ጋ ነው የሚሰራው። በዚህ የወጣው ፈቃድ ደግሞ በፐርሰንት ለሌላ ይከራያል፣ የተከራየው ለሰብ፣ ማለትም ከስሩ ስራ ለሚወስድ ንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፣ ሰቡ ለፎርማን፣ ፎርማኑ ጠዋት አደባባይ ላይ ስራ ከሚጠብቁት ልጆች ሁለቱን ይዞ ይመጣና ቁፋሮ ይጀመራል። አዋጅ 980/2008 ንግድ ፈቃድህን ሌላ ሰው እንዲሰራበት መስጠት ይከለክላል፣ ማን ሰማው።

ከግንፍሌ ከፍ ብሎ አንድ ባለ አራት ፎቅ ህንጻ ምድር ቤቱ ሽንት ቤት እየገነፈለ አስቸገረን ብለው ጠሩኝ። ስናስቆፍረው 110 ሚሊሜትሩ የፍሳሽ ቱቦ (ፒቪሲው) በሜትር ሁለት ሳንቲ እንኳ መውረድ ሲገባው ጭራሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ተንጋሏል። መታጠፊያው ላይ ማንሆል (ቱቦው የሚፈተሽበት ጉድጓድ) የለ፣ ሁለት ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ገጣጥመው አፈር አልብሰውታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጫፉ የተቀጠለው ከመንገዱ የጎርፍ መውረጃ ጋር መሆኑ ነው፣ ማለትም ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ መሄድ የነበረበት ቀጥ ብሎ ወንዝ ይገባል። ከዛ ሰው ቀበና ለምን ይሸታል ይላል። ባለቤቱ የሰራውን ሰው ወረቀት አሳየኝ፣ ማህተሙም ደረጃውም ምንም አይወጣለትም።

የማውቀው ጎበዝ ቧንቧ ሰራተኛ ግን ያለው ሲኦሲ ብቻ ነው፣ ተፈትኖ ያለፈበት የሙያ ምዘና ወረቀት ማለት ነው፣ ጨረታ ላይ በስሙ መግባት አይችልም። በኔ ሃሳብ ቢያንስ ጉድጓድ የሚወርደው ሰው ሳይፈተን መውረድ የለበትም፣ የቱቦ ነገር ብቻ አይደለም፣ የነፍስ ነገር ነው። የተዘጋ ማንሆል ውስጥ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ፣ ሲበዛ አፍንጫን ራሱን ያደነዝዘዋል፣ ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ልጅ እዛው ተዝለፍልፎ ይቀራል፣ ላወጣው ብሎ የተከተለውም እንደዛው። ስልጠና የሌለው ፎርማን ይሄን ከየት ያውቃል?

የምታሰሩ ሰዎች ፈቃዱን አይታችሁ ብቻ አትፈርሙ። ዘንድሮ መታደሱን እዩ፣ እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። ሳይት ላይ የሚውለው ማን እንደሆነ በስም ውሉ ላይ ይግባ። አፈር ከመመለሱ በፊት ቱቦው ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ እዩት፣ "ነገ እንሞክረዋለን አሁን ይደፈን" ካሏችሁ እሺ እንዳትሉ። የንጹህ ውሃው መስመርም ከፍሳሹ ከፍ ብሎና ራቅ ብሎ ይቀበር። ክፍያ ስትፈጽሙ ደግሞ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ውሉ በአንድ ስም ሆኖ ደረሰኙ በሌላ ስም ከመጣ ወይ ብሩን በግል አካውንት አስገቡልኝ ካለ ፈቃዱ የተከራየ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ እስኪጣራ ቀሪውን ክፍያ እዛው ያዙት።