«ስንተኛ ወጣች?»

የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። የባሕር ዳር ፀሐይ አናት ይበሳል። አባይ ማዶ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ድምፅ መቅጃዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። ለማርች 8 ስለ ሴት የመኪና ተወዳዳሪዎች የአሥር ደቂቃ ዝግጅት አስቤያለሁ። ጣና ዳር ላለ አድማጭ የእሽቅድምድም መኪና ሩቅ ነገር ነው። ስለዚህ ባጃጅ የምትጠግን አንዲት ወጣት መካኒክ አክዬበት ወደ ቤት ላቀርበው ፈለግኩ።

መካኒኳ ከባጃጁ ኋላ ተንበርክካለች። ካርቡሬተሩን ፈትታ ጨርቅ ላይ ዘርግታዋለች። ነዳጁ የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቁራጭ አንስታ ወደ ፀሐይ አቀናችና በአንድ ዓይኗ አየችባት። ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን ብታክል ነው። ነፋችባት። ደግማ አየች። አሁንም አልጣማትም። በቤንዚን አጥባ ሦስተኛ ጊዜ ነፋችባትና ብርሃኑ ጥርት ብሎ ሲያልፍ አስቀመጠቻት።

ይህን ሁሉ ዓይኔ እያየ፣ ስለዚያች ቀዳዳ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። «ሴት ሆነሽ ወንዶች መሀል ስትሠሪ ምን ይሰማሻል?» አልኳት።

«ምንም።»

ሌላም ጠየቅኩ። «ጥሩ ነው» አለች። ወሬው አልያዝ አለኝ። ለማግባባት ብዬ የጻፍኩትን መግቢያ አነበብኩላት። «ዓለምን ጉድ ያሰኘችው፣ ቆንጆዋና ጀግናዋ አሜሪካዊት ዳኒካ ፓትሪክ...» እያለ ይቀጥላል።

«ስንተኛ ወጣች?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ወረቀቴን አገላበጥኩ። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌያለሁ። የመጽሔት ሽፋን ላይ መውጣቷ አለ። ማስታወቂያ መሥራቷ አለ። ቁመቷ ሳይቀር አለ። ውጤቷ የለም።

«መኪናውስ? እንደሷ ያለ መኪና የነዳ ሌላ ሰው የለም? እሱ ስንተኛ ወጣ?»

እሱንም አላውቅም። እጇን በጨርቁ እየጠረገች ቀና አለች። «ወንድሜ፣ እኔም ጋ የሚመጡት እንደዚሁ ናቸው። ቁልፍ አስይዘው ፎቶ ያነሱኛል። የሠራሁት ባጃጅ ተነስቶ ይሂድ አይሂድ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

በመልካም ልብ ነበር የሄድኩት። ግን እውነቷን ነው። አመስግኜ ወጣሁ፣ ማታውን ቢሮ አምሽቼ የሷን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት የኢንዲያናፖሊስ 500፣ በአሜሪካ ታዋቂው የመኪና ውድድር፣ 19 ዙር መርታለች። ከሷ በፊት ያን ውድድር የመራች ሴት የለችም። የጨረሰችው አራተኛ ሆና ነው። ያሸነፈው ዳን ዌልደን ነው፤ የስፖርት መጽሔቱ ሽፋን ላይ የወጣችው ግን እሷ ናት። የቡድን ጓደኛዋ ቪቶር ሜይራ ሁለተኛ ወጥቷል። እኔ ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በ2008 ጃፓን ሞቴጊ ላይ አሸነፈች። በ2009 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሦስተኛ ወጣች፤ በዚያ ውድድር የትኛዋም ሴት ያልደረሰችበት ደረጃ ነው። ከዚያ ናስካር ወደሚባለው ሌላ የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ሄዳ በዋናው ውድድር 191 ጊዜ ተሰለፈች። አንዱንም አላሸነፈችም።

ይህ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም። ጠንካራ ተወዳዳሪ ነበረች። በዚህ ስፖርት ደግሞ ስፖንሰር ከሌለ መኪና የለም፤ ስም የሌለው ሰው ስፖንሰር አያገኝም። ስለዚህ ጩኸቱ እንጀራዋም ነበር። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጩኸቱ ጆሮዬን ሞልቶት ሌሎቹን ሳልሰማ ማለፌ ነው።

ለምሳሌ ሚሼል ሙቶን። ፈረንሳዊቷ ሙቶን በ1982 በዓለም የራሊ ሻምፒዮና፣ በተራ መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር በሚሮጥበት ውድድር፣ አውዲ ኳትሮ በሚባል መኪና ፖርቱጋልን፣ ግሪክንና ብራዚልን አሸንፋለች። በአንድ ዓመት ሦስት ድል። ዋንጫው የተወሰነው እዚሁ አፍሪካ፣ አይቮሪኮስት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ውድድሩ ሊጀመር ሲል አባቷ ሞቱ። ኀዘኗን ይዛ ነዳች። ለረጅም ጊዜ ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ መኪናዋ ተገለበጠ። ተፎካካሪዋ ዋልተር ሮል ሻምፒዮን ሆነ፣ እሷ ሁለተኛ። እኔ ግን በረቂቄ ላይ የሰጠኋት ግማሽ መስመር ነበር።

ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰልኝ የሱዚ ዎልፍ ታሪክ ነው። በ2014 በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ለዊሊያምስ ቡድን እንግሊዝ፣ ሲልቨርስቶን ላይ ልምምድ ስትወጣ «ከ22 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት» ተብሎ ዓለም አወራ። መኪናዋ ጥቂት ዙር ዞሮ ሞተሩ ተበላሸና ቆመ። ወሬው ያን ያህል፣ ሥራው ይህን ያህል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጀርመን፣ ሆክንሃይም ላይ እንደገና ለልምምድ ወጣች። 15ኛ ሆነች። 15ኛ ሲባል ምንም አይመስልም። ግን ያንኑ ዓይነት መኪና ከነዳው ከቡድን ጓደኛዋ ከፌሊፔ ማሳ የዘገየችው በሁለት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ማሳ በ2008 ሻምፒዮናውን በአንድ ነጥብ ያጣ ሰው ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ከሱ ማነስ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው፣ «የመጀመሪያዋ ሴት» ከሚለው ርዕስ ይልቅ ይህ ቁጥር እሷን አከበረልኝ።

ጠዋት አለቃዬ አዲሱን ጽሑፍ አይተው «ቁጥር በዛበት፣ አድማጭ ስሜት ነው የሚፈልገው» አሉኝ። ተከራከርኩ። «ቆንጆዋ» እና «ጀግናዋ» ወጡ፣ ደረጃውና ሰዓቱ ገባ። እንዲሁ ተላለፈ።

የመካኒኳ ድምፅ ግን አልነበረበትም። «ምንም» እና «ጥሩ ነው» ከሚሉት ሌላ የተቀዳ አልነበረኝም። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ።

«በዚህ ሳምንት ስንት ሠራሽ?» አልኳት።

«አሥራ አንድ።»

«ስንቱ ተመልሶ መጣ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ሁለት። አንዱ የኔ ጥፋት ነው። ካንዴላውን አይቼ ገመዱን ሳላይ ለቀቅኩት። ና ላሳይህ» አለችና ኋላውን ከፈተችው። መቅጃውን አብርቼ አጠገቧ ተንበረከክኩ።