«ጉድ ኢን» ወይስ «ጉድ አት»? ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘሁት መላ

እንግሊዝኛ ስንማር ቴንሱን እንደምንም እንወጣዋለን። ቃላቱንም ቢሆን በጊዜ ብዛት እንይዛቸዋለን። መከራ የምታበላን ከቅጽል ኋላ የምትከተለው ትንሿ ፕሪፖዚሽን (በኛ መስተዋድድ) ናት። ኦፍ ነው? አት ነው? ዊዝ ነው? እንደ ሎተሪ አንዷን እናወጣና እንለጥፋለን።

እኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ነው። የሥራ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የተመራቂዎች ጥናት ሁሉ በእጄ ያልፋል። የምረቃ ሰሞንማ ወንበር አይገኝም። ከሚመጣው ወረቀት ውስጥ የማይጠፋ ነገር ቢኖር «አይ አም ጉድ ኢን ኮምፒውተር» እና «አይ አም ኢንተረስትድ ፎር ዚስ ጆብ» ናቸው። ደንበኛ ደግሞ «አንዴ አይተህ አስተካክልልኝ» ይላል። ማስተካከሉ ቀርቶ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የምመልሰው ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ትንሽ ቆይቻለሁ። ጎጃም ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቅኔ ነው። እዚያ ቤት ግስ ብቻውን አይጠናም። አገባብ የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለ፤ ዐቢይ፣ ንዑስ፣ ደቂቅ ተብሎ ይከፈላል። ትንንሾቹ ቃላት የት ገብተው ምን እንደሚሠሩ የሚለየው በእሱ ነው። እንግሊዝኛው ላይም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የኔ አማርኛ ምን ያገባል? ፈረንጁስ?

ደብተር ገዛሁ። ብዙ ሰው ከኤ እስከ ዜድ የተደረደረ ዝርዝር ይሸመድዳል። እኔ ደብተሩን በአማርኛው ከፈልኩት። አንድ ገጽ ለ«ከ»፣ አንድ ለ«ለ»፣ አንድ «ከእገሌ ጋር» ለምንለው፣ አንድ ምንም መስተዋድድ ለሌለው። ለ«በ» ግን ብዙ ገጽ ተውኩለት። ጥሩ አደረግሁ፤ ሞላው።

«ከ» ገር ነው። ከዚህ የተለየ፣ ዲፈረንት ፍሮም። ከአደጋ የተጠበቀ፣ ሴፍ ፍሮም። ከቤት የራቀ፣ ፋር ፍሮም። እንግሊዞች «ዲፈረንት ቱ»፣ አሜሪካኖች «ዲፈረንት ዛን» ሲሉም ይሰማል። «ፍሮም» ግን ሁለቱም ጋ ያስኬዳል፤ ለኛ ደግሞ ከ«ከ» ጋር ስለሚገጥም እሱን መያዝ ነው።

«ለ»ም ብዙ አያስቸግርም፤ አብዛኛውን ጊዜ «ፎር» ይሆናል። ለሥራ ዝግጁ፣ ሬዲ ፎር። ለጥፋቱ ተጠያቂ፣ ሪስፖንሲብል ፎር። ለቦታው ተስማሚ፣ ሱተብል ፎር። ለሰው ደግ መሆን ሲመጣ ግን «ካይንድ ቱ» ይባላል። ጨዋነትና ጭካኔም ሰው ላይ ሲያርፉ «ቱ»ን ይወስዳሉ። ማመልከቻ ጸሐፊዎችን የሚያሰናክላቸው «ለሥራው ፍላጎት አለኝ» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው ፍላጎቱን ወደ ሥራው ውስጥ ያስገባዋል፤ ኢንተረስትድ ኢን።

«ጋር» ተንኮለኛ ነው። ከእገሌ ጋር ተጋባ ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» እንላለን። ትክክለኛው «ማሪድ ቱ» ነው። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ሲሚላር ቱ። ከእሱ ጋር የሚዛመድ፣ ሪሌትድ ቱ። የታጨችም ብትሆን ለእጮኛዋ «ኢንጌጅድ ቱ» ናት። ዝምድናና ምስስል «ቱ»ን ይወዳል ብዬ ያዝኩት። ደስ የሚለው ግን «ማሪድ ዊዝ ቱ ችልድረን» የሚባል ትክክለኛ አነጋገር መኖሩ ነው። ትርጉሙ ባለትዳርና የሁለት ልጆች ወላጅ ማለት ነው። አንድ ደንበኛዬ ሲቪው ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ ጓደኛው «ከሁለት ልጆች ጋር ተጋባሁ አልክ እኮ!» ብሎ ሊሰርዝበት ነበር። ተው አልኩት። የተጻፈው ልክ ነበር።

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ባዶው ገጽ ነው። ጅብ እፈራለሁ። ወሬ ሰለቸኝ። ልጁን ጠረጠርኩት። ነገሩን አውቃለሁ። አማርኛው እዚህ ላይ መስተዋድድ አይፈልግም፤ ግሱ ራሱ ተሳቢውን ይይዛል። እንግሊዝኛው ግን ይህንን ሐሳብ ብዙ ጊዜ በግስ ሳይሆን በቅጽል ይናገራል። ቅጽል ደግሞ እንደ ግስ ተሳቢ መያዝ አይችልም። ስለዚህ መሐል ላይ «ኦፍ» ይገባል። አፍሬድ ኦፍ፣ ታየርድ ኦፍ፣ ሰስፒሸስ ኦፍ፣ አዌር ኦፍ። መቻልም «ኬፐብል ኦፍ» ነው፤ መውደድም «ፎንድ ኦፍ»። ግሱን ብትጠቀም ኖሮ «አይ ፊር» ብለህ በቀጥታ ጅቡን ትጠራው ነበር፤ ማንም መሐል አይገባም። «አይ አም አፍሬድ» ካልክ ግን «ኦፍ» ግድ ነው። ይህ ከገባኝ በኋላ የ«ኦፍ» ዝርዝር ግማሹን መሸምደድ ተውኩ። ልማደኛ አፈንጋጭ አለ እንጂ፦ «ወርዝ»። መቶ ብር ያወጣል ስንል «ወርዝ» ብለን ብሩን በቀጥታ እናስከትላለን። መቼም ቋንቋ ያለ አመጸኛ አይኖርም።

አሁን ወደ «በ» እንግባ። የኛ «በ» ሁሉን ቻይ ናት። በሂሳብ ጎበዝ ነው፤ በልጁ ኮራ፤ በደመወዙ ረካ፤ በቅኔ ታወቀ፤ በወሬው ደነገጠ፤ በውሃ ተሞላ። እንግሊዝኛው ይህንን ሁሉ ለየብቻ ያከፋፍለዋል። ቃል በቃል «ባይ» ወይም «ኢን» እያልን የምንወድቀው እዚህ ነው። እኔም የሠራሁት ገጹን በጉዳይ መክፈል ነው።

ችሎታ ከሆነ «አት» ነው። ጉድ አት፣ ባድ አት፣ ኤክሰለንት አት። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው «ዘይ አር ጉድ አት ራይዲንግ» ቢል አይሳሳትም። «ጉድ ፎር» ካለ ለጤና ይጠቅማል ማለቱ ነው፤ «ጉድ ቱ» ካለ ደግሞ ለሰው መልካም ነው ማለቱ። አንዱ «ጉድ» ሦስት ቦታ ይውላል።

ኩራትና እፍረት «ኦፍ» ናቸው። ፕራውድ ኦፍ፣ አሼምድ ኦፍ። እርካታና መሰላቸት «ዊዝ» ናቸው። ሳቲስፋይድ ዊዝ፣ ፕሊዝድ ዊዝ፣ ቦርድ ዊዝ። ዝና «ፎር» ነው። «ጎጃም ኢዝ ፌመስ ፎር ቅኔ» የሚለው አረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ እሱን የማይረሳ «ፌመስ ባይ» አይልም። ንዴት ሁለት መልክ አለው። በሰውየው ከሆነ አንግሪ ዊዝ፣ በነገሩ ከሆነ አንግሪ አባውት። ጥገኝነት «ዲፔንደንት ኦን» ሲሆን፣ ራስን መቻል ግን «ኢንዲፔንደንት ኦፍ» ነው። ለምን ተለያዩ ብዬ አልተከራከርኩም። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፌ አለፍኩ።

አንዲት ተመራቂ «ወንድም ጋሼ፣ ‹ፉል ባይ› ለምን አይሆንም? በውሃ ተሞላ አይደል እንዴ የምንለው?» አለችኝ። ያነሳችው ነገር ትክክል ነው። እንግሊዝኛው ሙሉ መሆኑን ሲናገር «ፉል ኦፍ»፣ በአንድ ነገር መሞላቱን ሲናገር «ፊልድ ዊዝ» ይላል። «ባይ» ከሁለቱም ጋር የለችም። ማመልከቻዋ ላይ «ፉል ኦፍ ኢነርጂ» ብለን አስተካከልነው።

ሌላው ቶሎ የገባኝ ነገር ግሱ ቢቀየርም ፕሪፖዚሽኑ አለመነቃነቁ ነው። ሂ ኢዝ ታየርድ ኦፍ፣ ሂ ጎት ታየርድ ኦፍ፣ ሂ ሉክስ ታየርድ ኦፍ፣ ሂ ፊልስ ታየርድ ኦፍ። ፕሪፖዚሽኑ የቅጽሉ ነው፤ የግሱ አይደለም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ቅጽል ብቻውን አልጽፍም። «ታየርድ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። በዚያ ላይ «ታየርድ ፍሮም» የሚባልም አለ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ በእግሩ የተመለሰ ሰው ከመንገዱ የተነሳ «ታየርድ ፍሮም» ነው፤ መንገዱ የሰለቸው ሰው «ታየርድ ኦፍ» ነው። አንዱ ጉልበቱ አልቋል፤ ሌላው ትዕግሥቱ።

ከፕሪፖዚሽን ኋላ ግስ ከመጣ በ«ኢንግ» ይጨርሳል። ጉድ አት ስዊሚንግ እንጂ «ጉድ አት ቱ ስዊም» የለም። ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያምታታው «ዩዝድ ቱ» ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ዎክ» ድሮ በእግሬ እሄድ ነበር ማለት ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዎኪንግ» ደግሞ በእግር መሄድ ለምጄዋለሁ። እዚህኛው ላይ «ቱ» ፕሪፖዚሽን ስለሆነች «ኢንግ»ን ትጠራለች። ሁለቱን የምትለየው ያቺ «አም» ናት። ስታነብ እሷን ዝለልና ትርጉሙ ይጠፋብሃል።

ጥያቄ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ «በምን ይታወቃል?» ብለን «በ»ን ፊት እናስቀምጣለን። እነሱ «ዋት ኢዝ ኢት ፌመስ ፎር?» ብለው ፕሪፖዚሽኑን ጭራ ላይ ይተዉታል። ለጆሮ ያልተጨረሰ ይመስላል፤ ግን አልቋል። ይህን ለመልመድ የቅኔ ቤቱን ልማድ ተጠቀምኩ። ማታ ሱቁን ዘግቼ ስሄድ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ራሴ እመልሳለሁ። የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ይየኝ።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ አንድ ምክር ልስጥ። የስልክ መተርጎሚያ «አፍሬድ» ስትለው «የፈራ» ብሎ ይሸኝሃል። ለቋንቋ ተማሪ ተብሎ የሚዘጋጅ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ከቃሉ ጎን «ኦፍ»ን ያስቀምጥልሃል፤ ምሳሌም ይጨምራል። አንዳንዱ ላይ ሁለት አማራጭ ታገኛለህ። «ሰርፕራይዝድ አት»ም «ሰርፕራይዝድ ባይ»ም ልክ ናቸው፤ እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፋ። ደግሞ ከቅጽሉ ኋላ «ዛት» ብሎ ሙሉ አረፍተ ነገር ከተከተለ ፕሪፖዚሽኑ ይወድቃል። «አይ አም አዌር ኦፍ ዘ ፕሮብለም» ትልና «አይ አም አዌር ዛት ዜር ኢዝ ኤ ፕሮብለም» ስትል «ኦፍ»ን ትጥላለህ። ማመልከቻ ላይ «አዌር ኦፍ ዛት ዜር ኢዝ» ብለው የሚጽፉትን አሁንም በየሳምንቱ እሰርዛለሁ።