ታቦቷ ተመለሰች፣ እነሱ ቀሩ

ዝዋይ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የዓሣ ጉላሽ ነው። እኔም ያው ነበርኩ። ሐዋሳ ስወርድ ምሳዬን በልቼ ከማለፍ ውጭ ሐይቁ መሃል አምስት ደሴቶች እንዳሉ ልብ ብዬ አላውቅም። ከእነሱ አንዷ ወደሆነችው ቱሉ ጉዶ ስሄድ ግን ሐሳቤ ሁሉ ተገለባበጠ።

ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ስሟ ደብረ ጽዮን። እዚህ የሚኖሩት ዛይ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። የዳር አገሩ ኦሮሞ ላቂ ይላቸዋል፤ ስሙ ከመቅዘፍ የመጣ ነው ይባላል።

ታሪካቸውን ስትጠይቅ የሚጀምሩልህ ከዮዲት ጉዲት ነው። አክሱም ስትቃጠል ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ ይህን ሐይቅ አገኙ፣ ተሻግረው ተደበቁ፣ ታቦቷም 70 ዓመት እዚሁ ቆየች። አገር ሲረጋጋ ታቦቷ ወደ አክሱም ተመለሰች። ከካህናቱ የተወሰኑት ግን ቀሩ። ቆንጆ ትረካ ነው።

ችግሩ ቋንቋቸው ነው። ዛይኛ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና ሐረሪ እንጂ ትግርኛ አይደለም። ስለዚህ እንደኔ እንደኔ ደሴቶቹ ላይ ሰው የገባው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዘመኑ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከንጉሡ ጋር የተጣሉ መነኮሳት ወደዚህ መጋዛቸውን ገድሎች ይናገራሉ፣ በ16ኛው ደግሞ ከግራኝ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጥተዋል የሚል ትውፊት ራሳቸው ዛዮችም ያወራሉ። ይህንን ለአንድ አዛውንት ባለጀልባ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ እውነት ከአክሱም ናችሁ?»

መቅዘፊያውን ውሃው ላይ አሳርፈው አዩኝ። «አባቶቻችን እንዲያ ብለውናል። አንተ ሌላ አባት ልታመጣልን ነው?»

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ!

ከግራኝ ዘመን በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚገርመኝ። ዙሪያው የአርሲ ኦሮሞ አገር ሆነ፣ የክርስቲያኑ መንግሥትም ወደ ሰሜን ራቀ፣ እነሱ ግን ለሦስት መቶ ዓመት ያህል መጽሐፋቸውንና ጾማቸውን ይዘው ውሃ ላይ ቆዩ። ታጥረው ኖሩ ማለት ግን አይደለም። ገበያ ነበር። ዓሣና ሸማ ይዞ መሻገር፣ እህል ይዞ መመለስ። ደሴቷ ድንጋያማ ናት፤ ገደሉን በእርከን ደርድረው ነው የሚያርሱት፣ አንዳንዱ እርከን ከአልጋ አይሰፋም።

እ.ኤ.አ. በ1886 ምኒልክ አርሲን ሲይዝ የዳሩ መንገድ ተከፈተ። ጉድ የሚለው ይሄኔ ነው፦ ጦርነትና መገለል ያላስለቀቃቸው ሰዎች ሰላም ሲሆን መውጣት ጀመሩ። መሬት ፍለጋ፣ ኋላም ትምህርት ቤትና ሥራ ፍለጋ። አሁን አብዛኛው ዛይ የሚኖረው መቂ፣ ዝዋይና በሐይቁ ዳር ነው። ደሴቶቹ ላይ የቀረው ጥቂት ሰው ነው። ህዳር 21 ለጽዮን ግን ይመለሳሉ፤ ጀልባው ይሞላል።

ስመለስ አጠገቤ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። እሳቸው በዛይኛ ያወሩታል፣ እሱ በኦሮምኛ ይመልሳል። ዳር እስክንደርስ እንደዚያው አወሩ። እኔ ሁለቱንም አልሰማም፤ ደጋግመው ጽዮን ሲሉ ብቻ ለየሁ።