ሐይቅ፦ እትብትና ሴል

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን አላስረዝመውም። የሄድነው የጓደኛዬን አያት ለመጠየቅ ነው።

እማማ ቡናው እስኪፈላ ዘራቸውን ቆጠሩልን። ከድር ይላሉ፣ ቀጥሎ ገብሬ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይማም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሐረግ። ወሎ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፤ እኔን ግን ሁሌም ደስ ይለኛል። ከዚያ ጓሮ ይዘውን ሄደው የጓደኛዬ እትብት የተቀበረበትን አሳዩን። «የትም ብትሄድ ከዚህ ነህ» አሉት።

ሰሞኑን በሰው ሴል ስለሚሠራ ጥበብ፣ ባዮአርት ስለሚሉት፣ ሳነብ ነበር። የእትብቱን ቦታ ሳይ ትዝ አለኝና አጫወትኳቸው። አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠራው አርቲስት ጋይ ቤን-አሪ ከክንዱ ቆዳ ተቆንጥሮ ተወሰደለት። የቆዳው ሴሎች መጀመሪያ ወደ ስቴም ሴል (ሌላ ዓይነት ሴል መሆን ወደሚችል ሴል) ተለወጡ፣ ከዚያ የነርቭ ሴል ሆኑ። ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጫፍ) በተደረደረበት ሳህን ላይ አድገው የሚልኩት ምልክት ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ያጫውታል። አጠገባቸው ሙዚቀኛ ሲጫወት ድምፁ በኤሌክትሪክ ይደርሳቸዋል፤ እነሱም ይመልሳሉ። ሥራው «ሴልፍ» ይባላል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ፐርዝ ላይ ቀረበ። ስለ ሰው ገላ እንዲህ ያስደነቀኝ ሥራ የለም።

«ወዶ ከሰጠ ምን አለበት» አሉ እማማ።

ስለ አሜሪካዊቷ ሄንሪዬታ ላክስ ስነግራቸው ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በ1951 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ ካንሰር ታማ ሳለ ሐኪሞች ሳያስፈቅዷት ሴሏን ወሰዱ። በዚያው ዓመት ሞተች። ሴሎቿ ግን እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይራባሉ፤ የፖሊዮ ክትባት ሲፈተሽም አገልግለዋል። አርቲስቶችም ሥራቸው ውስጥ አስገብተዋቸዋል።

«ልጆቿስ አወቁ?»

ከሃያ ዓመት በኋላ።

«መቃብሯስ?»

እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልነበረውም። እማማ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። የሰው ሴል የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ከሳህኑ አጠገብ የማን እንደሆነና ማን እሺ እንዳለ መጻፍ አለበት። ያለዚያ አላይም።

ስንመለስ ጓደኛዬን አንተስ ትሰጣለህ ወይ አልኩት። መጀመሪያ እማማን ጠይቄ ነው አለ። ትክክል ነው፤ ከዲኤንኤው ሩብ ያህሉ ከሳቸው የመጣ ነው።