ፈረስ ላይ ሆነህ ውሻ ሲመጣብህ፦ እኔ ሐረር ላይ እንዴት እንደተማርኩት

"ውሻ ይጮሃል ግመል ይሄዳል" የሚሉ ሰዎች ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም። ግመልማ ይሄዳል፣ ድሬ እያለሁ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ አራት ውሻ ከስሩ ሆኖ እየጮኸበት አንገቱን እንኳን ሳያዞር ያልፋል። ፈረስ ግን መጀመሪያ ይሮጣል፣ ምን እንደነበረ የሚያስበው ከሮጠ በኋላ ነው።

እኔ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ስራ ነው ሐረር ያመጣኝ። ፈረስ የገዛሁትም እዚሁ ነው፣ ድሬ ሙቀቱ ለሰውም አይሆን እንኳን ለፈረስ፣ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የጠዋቱ አየር ለብቻው ደስታ ነው። ዳማ ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ቆንጆ ነው ወላሂ፣ ግን ፈሪ ነው። የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር አይደል፣ ጓደኞቼ የኔን "አባ ድንብር" ብለው አወጡለት፣ ፌስታል በነፋስ ሲንቀሳቀስ ስለሚደነብር። ስሙም እዛው ቀረ።

ነገሩ የሆነው እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ከኤረር በር ወጣ ብሎ በጫት ማሳዎች መሀል በሚሄደው የገጠር መንገድ በሶምሶማ እየሄድን ነበር፣ ከአንዱ ማሳ ሶስት ውሾች ወጡ፣ ሁለቱ ጮሁ ብቻ፣ ሶስተኛው ግን ዝም ብሎ ከኋላ መጣ። እኔ ምን አደረግኩ? ተረከዜን ሰጠሁት። ፊልም ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው፣ በሽምጥ አመልጣለሁ ብዬ። አቦ ምን አይነት ድንቁርና ነው! ፈረሱ ሲሮጥ ውሻው በረታ፣ ውሻው ሲበረታ ፈረሱ አበደ፣ ልጓም ብስብ አይሰማም፣ ዛቡ (ልጓሙን የምይዝበት ጠፍር) እጄን ልጦት እርካቤ አመለጠኝ፣ መታጠፊያው ላይ እሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እኔ ቀጥታ ቁልቋል አጥር ውስጥ ገባሁ። ቁልቋል ውስጥ ወድቆ የማያውቅ ሰው ህመም አያውቅም፣ ለሶስት ቀን በወረንጦ ሲለቅሙልኝ ነው የሰነበትኩት።

አባ ድንብር ራቅ ብሎ ቆሞ አገኘሁት፣ የኋላ እግሩ ከሰኮናው ከፍ ብሎ ተነክሷል፣ ይደማል። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛ አለኝ፣ ሐረማያ የተማረ፣ ስደውልለት እንደምን አደርክም አላለኝ። "ሳሙናና ውሃ፣ 15 ደቂቃ፣ በሰዓት ቁጠር፣ አሁኑኑ" ብሎ ዘጋው። ፈረሱን የሚጠብቅልኝ ልጅ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ መጣ፣ በልብስ ሳሙና አጠብነው። 15 ደቂቃ አጭር ይመስላል፣ የሚራገጥ ፈረስ እግር ስታጥብ ግን ግማሽ ቀን ነው። ቆይቶ ሲያስረዳኝ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ነው የሚተላለፈው፣ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ቁስሉን በደንብ ማጠብ ብዙ ነገር ይቀይራል፣ ፈረስም እንደ ሰው ይይዘዋል፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ለሰውም ለፈረስም መዳኛ የለውም።

"አንተስ?" አለኝ። እኔስ? ሱሪዬን ስገልጠው ባቴ ላይ የተጫረ ነገር አለ። ቁልቋሉ ይሁን ውሻው አላውቅም። "ካላወቅክ ውሻው ነው" አለኝ፣ ይቺን አባባል እስከዛሬ እወዳታለሁ። ጎረቤቴ በአሮጌ ፔጆ 404 ይዞኝ ሄደ፣ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ክትባት አልቋል ነገ ተመለሱ አሉን፣ ነገ የሚባል ነገር በዚህ ጉዳይ አይሰራምና ሌላ ቦታ ሄደን ተገኘ። ለኔ የታዘዘልኝ በዛው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው እና በ28ኛው ቀን ነው። መርፌው እምብርት ላይ ነው የሚወጋው እያሉ ሲያስፈራሩኝ ነበር፣ ክንድ ላይ ነው፣ ምንም አይደለም።

ለፈረሱም ለኔም ግን አንድ የቀረ ነገር ነበር፣ ውሻውን መከታተል። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሲነክስ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ከነበረ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ይታመማል ወይ ይሞታል፣ በአስረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰ ሰዓት አላስተላለፈም ማለት ነው። ስለዚ መርፌዬን እየተወጋሁ 10 ቀን ሙሉ የነከሰንን ውሻ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ሳስበው ያስቀኛል፣ ዘመድ ጥየቃ ማለት እኮ ነው።

የማሳው ባለቤት አዛውንት ናቸው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ሰላምታ ሰጥቼ ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ አላፈሩምም።

"ፈረሱ ላይ የነበርከው አንተ ነህ?"

"አዎ ኦቦ።"

"ለምን ሮጥክ?"

"ውሻው መጣብኝ እኮ።"

"ልጄ፣ የጫት ሌባ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ሌባ ደግሞ ይሮጣል። እኔ ታይገርን የሚሮጥ ነገር ያዝ ብዬ ነው ያሳደግኩት።"

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? ውሻው ስራውን ነው የሰራው። ደግሞ ጨመሩልኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ላይ ሲጮህ ነው የሚያድረው፣ ጎህ ሲቀድ ጅቦቹ ወደ ጉድጓዳቸው ሲመለሱ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ፣ ሰው ሳይወጣ በፊት ያለው ሰዓት ለሱ ጦርነት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፣ እዚህ ሀገር ግን ጅብ ባለፈበት እኔና ፈረሴ ገብተን ነው የተነከስነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ፀሐይ ሳትወጣና መንገዱ ላይ ወተት ሻጮቹ መታየት ሳይጀምሩ አልወጣም። አንድ ሰዓት መዘግየት ብቻውን ግማሹን ችግር ፈታልኝ ብል አላጋነንኩም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራቅ ብዬ ቆሜ አይቼው እመለስ ነበር፣ ይበላል ወይ፣ ይጠጣል ወይ፣ ምራቁ ይዝረበረባል ወይ። በአራተኛው ቀን የቤቱ እማማ ሆጃ (ከቡና ቅጠል ወይም ገለባ የሚፈላ መጠጥ) በወተት አቀረቡልኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ ታይገር መጥቶ ጫማዬን አሸተተ። በሰባተኛው ቀን ሐኪሙን አስፈቅጄ አባ ድንብርን በእጄ እየሳብኩ አመጣሁት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ። ታይገር በገመድ ታስሯል። ፈረሱ ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው ተነፋ፣ ግን የሚያስሮጠው ነገር ስለሌለ ቆመ። ሳር ሰጠሁት፣ አልበላም። በማግስቱ በላ። አስረኛው ቀን ውሻው ሙሉ ጤነኛ ነው፣ ሐኪሙ ለፈረሱም አትስጋ አለኝ፣ እኔ ግን ሌላ ነገር እንዳገኘሁ የገባኝ ያኔ ነው፣ ለጤና ብዬ የተመላለስኩት ለሁለቱም ትውውቅ ሆኖ ነበር።

ከዛ በኋላ ወደ ሶስት ወር የሚሆን ሰራንበት። በጣም የረዳን ዘዴ ይሄ ነው፣ ልጁ ታይገርን በገመድ ይዞ ከፊታችን ይሄዳል፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን። ፈረሱ ውሻን ሲከተል፣ ውሻው ደግሞ ሲርቀው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ይገለበጣል መሰለኝ፣ የሚሸሸው እሱ አይደለማ። በሁለተኛው ሳምንት ጆሮውን ቀስሮ ራሱ ሊደርስበት ይፈልግ ነበር።

የማናውቀው ውሻ ሲመጣ አሁን የማደርገው ቀላል ነው ግን ልብ ይጠይቃል። እቆማለሁ። ከዛ አንዱን ዛብ ብቻ ስቤ ፊቱን ወደ ውሻው አዞረዋለሁ። ፈረስ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል፣ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም ቅርብ ካለችው ቦታ በቀር፣ ውሻ ደግሞ የሚመጣው ከኋላ ነው፣ የማያየው ነገር ነው የሚያሳብደው። ዞሮ ሲያየው ሁለቱም ያስባሉ። አብዛኛው ውሻ የዞረበት ነገር ላይ አይገባም፣ ይጮሃል፣ ያፈገፍጋል። አለንጋዬን ለመምታት ሳይሆን ወደ ጎን ዝቅ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ወፈር ባለ ድምፅ "ሂድ!" እላለሁ፣ ከዛ በእርምጃ፣ በእርምጃ ብቻ፣ ሰፈሩን ለቅቄ እወጣለሁ። ከኋላ አሁንም ከመጣ እንደገና እዞራለሁ፣ አምስት ጊዜም ቢሆን። አለመሮጥ ከሁሉም ይከብዳል ምክንያቱም ከፈረሱ በፊት የምትፈራው አንተ ነህ፣ ጭንህ ሲጠብቅበት እሱ ሩጥ የተባለ ይመስለዋል። ቀስ ብዬ አየር አስወጣለሁ፣ ይሰማዋል።

መውረድ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ የምወርደው ሊያመልጠኝ እንደሆነ ካወቅኩ ብቻ ነው፣ መሬት ላይ የኔ ባት ለውሻው ቅርብ ነው እኮ።

ያልሰራውንም ልንገራችሁ። እግረኛ ሁሉ እንደሚያደርገው ድንጋይ የማነሳ መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ ከኮርቻ ላይ ልወድቅ ነበር፣ ውሻውም የሳቀብኝ መሰለኝ። ፊሽካ ገዛሁ፣ የደነበረው ፈረሱ ነው። ዳቦ ይዤ ወጣሁ፣ ወረወርኩላቸው፣ እሰይ ሰራ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ በማግስቱ ስድስት ሆነው ጠበቁኝ።

የሚሰራው ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፣ ባለቤቱን መጣራት። "ሰሬ ቀባ!" ነው የሚባለው፣ ውሻውን ያዙ ማለት ነው፣ ድሬ ያሉ ጓደኞቼ ውሻውን ቀለም ቀባ የምል መስሏቸው ስቀውብኛል። ከማሳው ውስጥ አንድ ሰው ቀና ካለና ድምፁን ካሰማ ውሻው ወዲያው ይበርዳል። በዚ መንገድ ያሉትን ሰዎች አሁን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ ማለት ይቻላል፣ ፈረሱን ሲያዩ "አባ ድንብር መጣ" ይላሉ፣ ስሙን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ውሾቹንስ ያስከተበ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ የለም አሉኝ። ሐኪሙ ጓደኛዬን ለምኜ አንድ ቅዳሜ አመጣሁት፣ ታይገርና የጎረቤቶቹ ውሾች ተወጉ፣ ታይገር ሲወጋ እንደ ቡችላ አለቀሰ፣ ያ ሁሉ ጀግንነት የት ሄደ አልኩት።

አሁን ታይገር ስንመጣ ሲያየን ይነሳና ከጎናችን ይሄዳል፣ ሌሎቹ ሲጮሁ እሱ ይጮህባቸዋል። የሚሸኘን ግን እስከ ቁልቋሉ መታጠፊያ ድረስ ብቻ ነው፣ እዛ ሲደርስ ቁጭ ይላል። ከዛ ወዲያ ያለው የሱ ሰፈር አይደለም፣ እዛ አንድ ነጭ ውሻ አለ፣ ከሱ ጋር ገና ነን።